ቅርስን በባለ ሦስት አውታር ሞዴል ስንሰንድ የምንሠራቸው ስህተቶች

እንደ ላሊበላ ያሉትን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በካሜራና በሌዘር ስካነር መሰነድ የጀመሩ ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ በቅድሚያ የሚያሳዩኝ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን የሕንፃውን ባለ ሦስት አውታር (3D) ሞዴል ነው። እኔ ደግሞ ጥሬዎቹ ፎቶዎች የት እንዳሉ እጠይቃለሁ። «ቦታ ስለያዙብን አጠፋናቸው» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ይህን ስህተት በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ሞዴሉ ሶፍትዌሩ በዕለቱ በነበረው አቅም ከፎቶዎቹ አስልቶ ያወጣው ውጤት እንጂ ራሱ ማስረጃው አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ከእነዚያው ፎቶዎች የተሻለ ሞዴል ይወጣል፣ ከሞዴሉ ተነሥቶ ግን ወደ ፎቶዎቹ መመለስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2001 ታሊባን ያፈረሰው፣ በአፍጋኒስታን ባሚያን የነበረው ትልቁ የቡድሃ ሐውልት በኋላ በኮምፒውተር በትክክለኛ ልኬቱ ሊቀረጽ የቻለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለልኬት ተብለው የተነሡ ፎቶዎች ተጠብቀው በመቆየታቸው ነው። ፎቶዎቹን ያነሣው ሰው ቦታ ጠበበኝ ብሎ ቢጥላቸው ኖሮ ምን ይቀር ነበር?

ሌላው የቀን አጻጻፍ ነው፤ በዚህኛው እኔም ወድቄበታለሁ። የአንድን ግድግዳ ስንጥቅ ለመከታተል በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ሁለት ሞዴሎችን ሳነጻጽር፣ በአንደኛው ፎልደር ላይ የተጻፈውን «2009» እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቆጠርኩት፤ ሁለተኛው በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የተሠራ ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ የታየውን ለውጥ ለዘጠኝ ዓመት አካፍዬ፣ ስንጥቁ ያን ያህል አያሰጋም የሚል ሪፖርት ጻፍኩ። ስህተቱን ያገኘው ማስታወሻውን በእጁ የጻፈው ባልደረባዬ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በማስታወሻው «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለው በካሜራው 9 ሰዓት ስለሆነ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁልጊዜ ይጻፍ።

መለኪያ ዘንግ ሳያስቀምጡ ፎቶ አያንሡ። በአዲንዳን ዳተም (ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ የቆየ የቦታ መለኪያ መነሻ) የተሠሩትን የቆዩ የአገራችንን ካርታዎች ከጂፒኤስ ንባብ ጋር ሳይቀይሩ ማደባለቅም ቤተ ክርስቲያኑን ከመቶ ሜትር በላይ ያንቀሳቅሰዋል። በመረጃ ቋት ውስጥ አንዱ «ሥላሴ»፣ ሌላው «ስላሴ» ብሎ ከመዘገበ ፍለጋው ግማሹን ይደብቃል፤ ለእያንዳንዱ ቅርስ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይስጡት።

በመጨረሻም ሶፍትዌሩ ክፍተቶችን በራሱ እንዲሞላ አይፍቀዱለት። ለዓይን ያማረ ለስላሳ ገጽ ያወጣል፤ ነገር ግን የተሞላው ክፍተት ጥልቅ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ ጠጋኙም የሚፈልገው እርሱኑ ነው። መቅደሱ እንዳይቀረጽ ካህናቱ ከከለከሉም ቦታው በሞዴሉ ላይ ባዶ ይቅር፤ ከፋይሉ ጋር በሚቀመጠው መግለጫ «አልተፈቀደም» ተብሎ ይጻፍ።