ቶርኖ ቤት የጎማ ስፔሰር ለምታሠሩ

ቸርኬው ከፍሬን ካሊፐር ጋር እየተነካካባችሁ ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ ለማውጣት ከኋላው የሚገባ የብረት ቀለበት) ለማሠራት ካሰባችሁ፣ የቡሎኖቹን ርቀት ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ። ዋናው ነገር የመሃሉ ቀዳዳ ነው። የቶዮታ ቪትዝ ሞዞ (ቸርኬው መሃሉ ላይ የሚገባበት የመኪናው እምብርት) ለምሳሌ ዲያሜትሩ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስፔሰሩ ቀዳዳ 56 ሆኖ ከወጣ ጎማው መሃሉን ስቶ ይታሰርና ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው ይንቀጠቀጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጎማዎቹን ሁለት ጊዜ ባላንስ አሠርቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን የቀዳዳው ነበር።

ስለዚህ ባለሙያው ቀዳዳውን በሞዞው ልክ እንዲያወጣ፣ በውጭው ፊት ደግሞ በቸርኬው ቀዳዳ ልክ የሚገባ ከንፈር እንዲተው ንገሩት። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ የሞዞው ሥር ከፊቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ ክብ ያለ ነው። የስፔሰሩ የውስጥ ጠርዝ ስል ሆኖ ከቀረ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ገጥሞ አይቀመጥም። ጠርዙን በትንሹ በሰያፍ አስቆርጡት። የሞዞውን ዝገትም በብረት ብሩሽ አጽዱ።

ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት፤ 12 በ1.5 ለሆነ (ውፍረቱ 12፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር) ቡሎን 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው። ካነሰ ረጅም ቡሎን አስቀይሩ። በስፔሰር ፋንታ ሮንዴላ መደራረብ ግን በፍጹም አይሞከርም፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ነው! ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እንደገና አጥብቁ።