ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ

በአዳማ–አዋሽ መንገድ ነፋሱን ለማምለጥ በብስክሌት ኤሮ መሪ (ክንድ ማሳረፊያና ወደፊት የወጡ የእጅ መያዣ ዘንጎች ያሉት መሪ) ላይ ተደፍታችሁ ስትነዱ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ፣ ጓንቱን አትውቀሱ። የክንድ ማሳረፊያው ስፖንጅ ክርናችሁ ላይ ስላረፈ ነው፤ ወደ ሁለቱ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ እዚያ ጋ አጥንቱን ታክኮ ከቆዳ ስር ያልፋል። ብሎኑን አላልታችሁ ስፖንጁን ከክርኑ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ወደፊት፣ ሥጋ ያለው ክንድ ስር አምጡት። የእጅ መያዣ ዘንጎቹን ግን አትንኩ፤ አብረው ወደፊት ከሄዱ ሰውነታችሁም ይከተላቸውና ክርኑ ተመልሶ ስፖንጁ ላይ ያርፋል።

እጅ ወደፊት እየተንሸራተተ ካስቸገረ፣ በሌላ ቀን የዘንጎቹን ጫፍ 10 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጉ። ሁለቱን ባንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳ አይታወቅም።

ከተማ ውስጥ፣ ባጃጅ ድንገት በሚቆምበት፣ ይህን አያያዝ ተዉት። ፍሬኑ ከእጃችሁ ሩቅ ነው።