ላስቲኩን እጠፉት፦ በዝናብ ድንኳን የሚተክል ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

በዚህ ክረምት ከሐዋሳ ወደ ወንዶ ገነት ይዣቸው ከወጣኋቸው ልጆች አራቱ የመጀመሪያውን ሌሊት ውኃ ላይ ተኝተው አደሩ። ድንኳኑ አዲስ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የለበትም። ጠዋት ሻጩን ሲረግሙ ሰማኋቸው። እኔ ግን ማታ ሲተክሉ አይቼ “ላስቲኩን እጠፉት” ብያቸው ነበር። ሁለተኛ አልተናገርኩም፤ አንዳንድ ነገር ሰው ካልራሰበት አይገባውም።

እንግዲህ ከላስቲኩ ልጀምር። ከድንኳን ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል ማነስ እንጂ መብለጥ የለበትም። ሰዉ ግን ሰፊውን ገዝቶ፣ ገንዘብ ያወጣበት እንዲታይለት ይመስል፣ በአራቱም በኩል ክንድ ያህል አስተርፎ ይዘረጋዋል። ዝናቡ የድንኳኑን ግድግዳ ይዞ ይወርዳል። አፈር ላይ ቢያርፍ መሬቱ በጠጣው ነበር፤ ላስቲክ ላይ ሲያርፍ ግን መሄጃ ያጣና ወደ መካከል፣ ከጀርባችሁ ሥር ይሰበሰባል። ከላይ ክብደታችሁ ሲጫነው ደግሞ በወለሉ ስፌት በኩል ይገባል። መኝታ አነጠፍን ብላችሁ ገንዳ ሠርታችኋል ማለት ነው! የላስቲኩን ጠርዝ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወደ ታች እጠፉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መቀስ ያለው ደግሞ ይቁረጠው።

ይህን ስል እኔ ከስህተት የጸዳሁ ሆኜ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌ ተራሮች ስወጣ ዲንሾ ላይ ብርዱን ፈርቼ የድንኳኑን አየር ማስገቢያ ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ሦስት ነበርን። ሌሊት ላይ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠብብን ጀመር። “ያፈሳል” ብዬ በዝናብ ወጣሁና ሌላ ላስቲክ ከላይ አለበስኩት፤ ይባስ ብሎ ውስጡ ዘነበ። ለካ የሚንጠባጠበው የራሳችን ትንፋሽ ነበር። ከሰው የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ውኃ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ምንም ቢበርድ፣ ምንም ቢዘንብ፣ ከላይኛው ሸራ ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ክፍት አድርጌ ነው የምተኛው። ብርድ በልብስ ይመከታል፤ እርጥብ መኝታ ግን መድኃኒት የለውም።

ብርድን ካነሳሁ አይቀር፣ የሐዋሳ ልጅ የሐይቁን ዳር አየር ለምዶ ከፍታን ይረሳል። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ በሸሚዝ ያመሻችሁበትን ቀን እዚያ በሹራብም አትችሉትም።

ጋቢንስ? ጋቢ አልሳደብም፤ እናቴ የሰጠችኝን ዛሬም ይዤ እወጣለሁ። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከራሰ ከብዶ፣ ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ ሙቀት ይወስዳል፣ በክረምት ደግሞ በሁለት ቀንም አይደርቅ። ስለዚህ ጋቢ ከድንኳን አይወጣም። ጂንስ ሱሪም ያው ጥጥ ነው፣ እሱንስ ጨርሶ ቤት ተዉት። የሱፍ ሹራብ ቢርስም እንኳ ጥቂት ያሞቃል። አንድ ቅያሬ ልብስና ካልሲ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ፤ በጠንካራ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከሻንጣው ሥር ክተቱት። ጠዋት ያን ደረቅ ልብስ አውልቃችሁ የትናንቱን እርጥብ መልበስ አለባችሁ። አዎ፣ ያስለቅሳል። ደረቁን ለብሶ ወደ ዝናብ የወጣ ሰው ግን ማታ ምን ሊለብስ ነው?

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በዚህ ጉዳይ ቀልድም ሆነ ክርክር አልቀበልም።

ለጥ ያለ፣ ሣሩ የለመለመ ጎድጓዳ ቦታ ዓይን ይስባል። የለመለመው ውኃ ስለሚተኛበት ነው። ጥቂት ዘንበል ያለ ቦታ ምረጡና ራሳችሁን ወደ ላይኛው በኩል አድርጋችሁ ተኙ። ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥም አትትከሉ፤ እናንተ ዘንድ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ዘንቦ ሊመጣባችሁ ይችላል። ትልቅ ዛፍ ሥር መጠለልም አያዋጣም፦ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሰዓት ሙሉ ይንጠባጠባል፣ ቅርንጫፍ ይጥላል፣ መብረቅ ይጠራል።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለማደር የምታስቡ ደግሞ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ እንደሚወጣ አትርሱ። የተረገጠ መንገዱ ላይ ድንኳን መትከል የጤና አይደለም።

ናይለን ሲርስ ይላላል። ከመተኛታችሁ በፊት ዙሩና ገመዱን እንደገና ወጥሩ፣ ካስማውን ርገጡ። የላላ የላይኛው ሸራ ከውስጠኛው ሸራ ጋር ሲነካካ ውኃውን ያስተላልፋል።

በሶ ያዙ። እርጥብ እንጨት ሲነፋ ያመሸ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

የመጨረሻው ቤት ከተመለሱ በኋላ የሚሠራ ስህተት ነው። ሐምሌ ላይ ከዝናብ ተመልሰን፣ ደክሞን፣ የራሰውን ድንኳን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት። ለመስቀል ልንወጣ ስፈታው ሽታው ጎረቤት ጠራ፤ ሸራው በጥቁር ሻጋታ ተዥጎርጉሮ፣ የስፌቱ ሽፋን እየተላጠ በእጄ መጣ። አሁን የጓሮ እንጨት መሸፈኛ ሆኗል። እንጨቱም ይርሳል።