በጡረታ ዕድሜ ለሚስዮን አገልግሎት ወደ ጋና፦ የሁለት አዛውንቶችን የውጭ አገር ኑሮ እንዴት ማደራጀት ይቻላል

ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር ባጅ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱትን ወጣት የሞርሞን ሚስዮናውያን ብዙ ሰው አይቷል። አብረዋቸው ስለሚያገለግሉት አዛውንት ባልና ሚስቶች ግን ብዙም አይወራም። ልጆቻቸውን ድረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ቤታቸውን ቆልፈው ወይም አከራይተው፣ በራሳቸው ወጪ ሰው አገር ሄደው የሚያገለግሉ ናቸው። ቤተክርስቲያኗ ከ2018 ወዲህ «ሞርሞን» የሚለው ስም ቀርቶ በሙሉ ስሟ፣ የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን ተብላ እንድትጠራ ትጠይቃለች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምሳሌ የማደርገው ጋናን ነው። በ1978 መጨረሻ ወደ ናይጄሪያና ወደ ጋና የተላኩት የመጀመሪያዎቹ የቤተክርስቲያኗ ሚስዮናውያን ወጣቶች አልነበሩም። ሬንዴልና ሬቸል ሜቢ፣ ኤድዊንና ጃናት ካነን የሚባሉ ሁለት ባልና ሚስቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ቤተክርስቲያኗ ጥቁሮችን ከክህነትና ከቤተ መቅደስ ሥርዓት ያገደውን ደንብ አንስታ ነበር። ጋና ውስጥ ደግሞ እንደ ጆሴፍ ዊሊያም ቢሊ ጆንሰን ያሉ ሰዎች፣ ማንም ሳይልካቸው፣ ለዓመታት ጉባኤ ሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ሁለቱ ጥንዶች ሲደርሱ የሚቀበላቸው ሰው ነበረ። ስራቸው እነዚያን ሰዎች ፈልጎ ማግኘት፣ ማዳመጥ፣ ማጥመቅና ማደራጀት ሆነ።

ይህን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። አዛውንት ጥንድ የሚፈለገው ለሩጫው አይደለም። አንድ ቦታ ረግቶ ተቀምጦ፣ ሰው አውቆ፣ የጀመረውን ስለሚጨርስ ነው። ስለዚህ ቀናችሁን በራሳችሁ አቅም ልክ ቁረጡት። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልክ አትሞክሩት።

1. ከማመልከቻው በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ

ሁለታችሁም እኩል ልትፈልጉት ይገባል። አንዱ ጎትቶ ሌላው ተጎትቶ የሚሄድበት አገልግሎት ብዙ አይዘልቅም። ሦስት ነገር አንስታችሁ ተወያዩ፦ ገንዘብ፣ ጤና፣ ልጆች።

ገንዘቡ ከኪሳችሁ ነው። ኪራይ፣ ምግብ፣ መኪና፣ ስልክ፣ ሁሉም። በ2011 በወጣው ደንብ ውጭ አገር የሚያገለግሉ ጥንዶች ለቤት የሚከፍሉት በወር ከ1,400 ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጅቶለት ነበር። ያኔ የተፈቀዱት የአገልግሎት ጊዜያት 6፣ 12፣ 18 ወይም 23 ወር ነበሩ። ከ18 ወር በታች የሚሄዱ የጉዞ ወጪያቸውን ራሳቸው እንዲችሉ ተደረገ። ዛሬ የሚሠራበትን ልክ ከአጥቢያ መሪያችሁ ጠይቁ።

ማመልከቻው ቢሾፕ በሚባለው የአጥቢያ መሪ ይጀምርና በካስማው (በርካታ አጥቢያዎችን በሚያቅፈው አካል) ፕሬዚዳንት በኩል ያልፋል። የሐኪምና የጥርስ ምርመራም አለበት። የምትመርጡትን አገር መጻፍ ትችላላችሁ፣ ጥሪው ግን ከቤተክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት ነው የሚመጣው። ጋና ብላችሁ ፊሊፒንስ ሊደርሳችሁ ይችላል። ይህን ከወዲሁ በልባችሁ ያዙ።

2. የስራውን ዓይነት ከጠባያችሁ ጋር አዛምዱ

የአዛውንት ስራ ብዙ መልክ አለው። የሚስዮን ቢሮ ውስጥ ቪዛ፣ ሒሳብ፣ የወጣቶቹን ኪራይ ቤቶችና መኪኖች መከታተል አለ። የሰብዓዊ ርዳታ አለ፦ የውሃ ጉድጓድ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ለአዋላጆች የሚሰጥ የጨቅላ ሕፃናት ስልጠና። አክራ ላይ በ2004 የተመረቀ ቤተ መቅደስ ስላለ እዚያ የሚያገለግሉም አሉ። ወጣቶች በኢንተርኔት እንዲማሩ የሚያግዙም አሉ። ደግሞ ቅርንጫፍ በሚባል ትንሽ ጉባኤ ውስጥ ተመድቦ አባላቱንና መሪዎቹን መደገፍ አለ።

ዕድሜ ልካችሁን ቢሮ የሠራችሁ ከሆነ ቢሮው ያስፈልጋችኋል፣ ቢሮውም እናንተን ይፈልጋል። ሰው ቤት ገብቶ መጫወት የምትወዱ ከሆነ ግን ትንሿን ቅርንጫፍ ጠይቁ። ለእኔ የዚህ አገልግሎት ልብ ያለው እዚያ ነው።

3. ጤናና ሻንጣ

ጋና ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይህ ክትባት ከፍ ያለ ስጋት ስላለው ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። ወባ በመላ አገሩ አለ። መከላከያው በየቀኑ የሚዋጥም፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጥም ዓይነት አለው። ከአገሩ ከወጣችሁ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። የየቀኑ ከሆነ ከቁርስ ሳህን አጠገብ አስቀምጡት፣ አይረሳም።

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። በእጅ የሚያዘው ውስጥ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይሁን። የአሜሪካ ጡረተኞች የሚጠቀሙበት ሜዲኬር በጠቅላላው ከአገር ውጭ አይከፍልም፣ ስለዚህ የመድን ጉዳይ ከመነሳታችሁ በፊት ይለቅ።

የጋና መብራት 230 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም ባለ ሦስት ቀዳዳው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። በ110 ቮልት የሚሠራ የአሜሪካ እቃ ሰክታችሁ አታቃጥሉ። ማታ ለመተንፈስ የሚረዳ ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፣ ባትሪም ያዙለት። መብራት ይጠፋል። ጋናውያን ለዚህ ጥፍት ብልጭቱ «ዱምሶር» የሚል ስም አውጥተውለታል።

4. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለቤት ስጡ

አዲስ የደረሰ ጥንድ ወዲያው ስራ ላይ መረባረብ ያምረዋል። ተዉ። መጀመሪያ ቤት ይቁም። የውሃ ታንከሩ በስንት ቀን እንደሚሞላ እወቁ። ማጣሪያውን ማን እንደሚያጥብ ተከፋፈሉ። የአጎበሩን ጫፍ ከፍራሹ ሥር አስገብታችሁ ተኙ። ባትሪ መብራት ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ በጨለማ አትፈልጉት።

ጎረቤትና ጥበቃውን ሰላም በሉ። ጋና ውስጥ ሰላምታ ሳይቀድም ጉዳይ አይነሳም። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ የቤተክርስቲያኗ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከአሜሪካው ዩታ ለመጣ ሰው ግን ልምምድ ይጠይቃል። በግራ እጅ መስጠት፣ መቀበልም ሆነ መጠቆም ነውር ነው። የተወለዳችሁበትን ቀን ብትነግሯቸው ስም ያወጡላችኋል። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ ነው፣ ቅዳሜ የተወለደ ክዋሜ። ኮፊ አናንና ክዋሜ ንክሩማ ስማቸው ከዚያ ነው። ስሙን ያዙት፣ በዚያ ሲጠሯችሁ አቤት በሉ።

5. ቀኑን በሁለት ክፈሉት

ወጣቶቹ ጠዋት 12፡30 ተነስተው ማታ 4፡30 የሚተኙበት ጥብቅ ፕሮግራም አላቸው። እናንተ በዚያ አትታሰሩም፣ በር ለበር እያንኳኳችሁ እንድትዞሩም አይጠበቅም። ጠዋት ሳይሞቅ ሰፈር ውስጥ እየተራመዳችሁ ጀምሩ። ተመልሳችሁ ቁርስ፣ ጸሎት፣ መጽሐፈ ሞርሞንና መጽሐፍ ቅዱስ። ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጭንቅላት የሚፈልገውን ስራ ሥሩ። ከምሳ በኋላ ተኙ። ይህ ስንፍና አይደለም፣ በዚያ ሙቀትና ወበቅ ካልተኙ ማታው አይገፋም።

ሰው የምትጠይቁት ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። አክራ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል። በሌሊት አትንዱ፣ መንገዱን በማታውቁት አገር ለዓይናችሁም ለሌላውም አደጋ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ለገበያ፣ ለልብስና ለእረፍት ይተው። ቅዳሜን ለስብሰባ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ጋና ውስጥ ቅዳሜ የቀብር ቀን ነው፣ ሰው ጥቁርና ቀይ ለብሶ ወደ ለቅሶ ይወጣል። እናንተም ሂዱ። ለቅሶ የደረሰ እንግዳ አይረሳም።

6. የወጣቶቹን ቤት እንደ እናት ቤት እዩ

ከአዛውንቶች ስራ አንዱ ወጣት ሚስዮናውያን የሚኖሩበትን ቤት መፈተሽ ነው። ቅጽ አለው፦ ንጽህና፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ መቆለፊያ። ቅጹን ሙሉ፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም።

ማቀዝቀዣውን ክፈቱ። ግማሽ ከረጢት ዳቦ፣ አንድ ቲማቲም፣ የላስቲክ ውሃ ብቻ ካገኛችሁ ልጆቹ እየበሉ አይደለም። አጎበሩን ወደ መስኮት ይዛችሁ ብርሃን ላይ ዘርጉት። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ እዚያው ተቀምጣችሁ ስፉት። የወባ ክኒኑን ማሸጊያ አንሡና ቁጠሩ። መዋጥ የነበረበት ከተረፈ አትቆጡ፣ «የሚያምህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ሆዱን ስለሚረብሸው ነው የሚተወው፣ ሐኪም ሊቀይርለት ይችላል።

ከዚያ የያዛችሁትን ምግብ አቅርቡ። ልጅ ልቡ ሲከፋው ለአለቃው አይናገርም። የአያቱ ዕድሜ ላይ ላለች፣ ድስት ይዛ ለመጣች «ሲስተር» (ሴት ሚስዮናዊት የምትጠራው እንዲህ ነው) ግን ይናገራል። የምትሰሙት ከባድ ከሆነ፣ ማለትም እንቅልፍ ማጣት፣ ለቀናት ማልቀስ፣ አለመብላት ከሆነ፣ ለሚስዮኑ ፕሬዚዳንት በዚያው ቀን ንገሩ። ለልጁም እንደምትነግሩ አስቀድማችሁ አሳውቁት።

7. ሰው ቤት ስትገቡ

ፉፉ፣ ባንኩ፣ ጆሎፍ የሚባሉ የአገሩ ምግቦች ይቀርቡላችኋል። በቀኝ እጅ ብሉ። ትንሽ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ጨምሩ ማለታቸው አይቀርም። ውሃው የታሸገ ይሁን።

ቤተክርስቲያኗ ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ ትከለክላለች። ጋና ውስጥ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ምድባችሁ አዲስ አበባ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ቡና ሲቆላ ገብታችሁ «አንጠጣም» ብትሉ ባለቤቷ ቅር ይላታል። ቀድማችሁ፣ ገና ሲጋብዟችሁ ንገሯቸው። ከዚያ እስከ በረካ ቁጭ በሉ። ፈንዲሻውን ብሉ፣ ጨዋታውን ተጫወቱ። የተጠራችሁት አብራችሁ እንድትቀመጡ ነው።

8. እሁድ፦ ከፊት ወንበር ውረዱ

ከ2019 ወዲህ የእሁዱ ጉባኤ ሁለት ሰዓት ነው፦ መጀመሪያ በዳቦና በውሃ የሚፈጸመው ቅዱስ ቁርባን፣ ቀጥሎ ትምህርት። ትንሽ ቅርንጫፍ ውስጥ ፒያኖውም፣ ትምህርቱም፣ ሒሳቡም እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሚሠራ ሰው ሲገኝ መተው ያስፈልጋል። የቅርንጫፉን ፕሬዚዳንት ሰው ፊት አታርሙት። ሪፖርቱን አትሙሉለት፣ አጠገቡ ቁጭ በሉና እሱ ይሙላው። ይዘገያል። ይዘግይ።

በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሁለት ማዕድ ይጾማል፣ የምግቡ ዋጋም ለተቸገሩ ይሰጣል። ይህ ጾም እኛንም ይነካል። ጥር 27 ቀን 1985 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ለኢትዮጵያ፣ እኛ የ77ቱ ረሃብ ለምንለው፣ ልዩ ጾም ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ዛሬ አዛውንቶቹ የሚያገለግሉበት የሰብዓዊ ርዳታ ስራ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

9. የልጅ ልጆች ስልክ

አዛውንቶች ቤተሰባቸውን በፈለጉት ጊዜ መደወል ይችላሉ። የተወሰነ ሰዓት ካልያዛችሁለት ግን ወይ ይጠፋል ወይ ቀኑን ይበላል። እሁድ ማታ 2 ሰዓት ጋና ላይ፣ ዩታ በክረምታቸው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በበጋቸው 8 ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ከቤተክርስቲያን የተመለሰበት ሰዓት ስለሆነ ይመቻል። ሕፃናቱ በስልክ ቶሎ ይሰለቻሉ። ተረት አንብቡላቸው፣ ወይም በረንዳው ላይ የምትሄደውን እንሽላሊት አሳዩአቸው። ልደት፣ ሠርግና ለቅሶ ያልፋችኋል። ይህ ያማል፣ መድኃኒትም የለውም።

10. ለሁለታችሁ

አርባ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ይሆናል። አንድ መኪና፣ አንድ ክፍልና አንድ ስራ ሙሉ ቀን ተጋርታችሁ ግን አታውቁም። ለየብቻ የምትሆኑበት ሰዓት በየቀኑ ይኑራችሁ። የመኪናውን ቁልፍና የሒሳቡን ደብተር አንዳችሁ ብቻ አትያዙ። አንዱ ሲደክም ሌላው «ዛሬ አንወጣም» የማለት መብት ይኑረው፣ ያለ ክርክር።

11. ማስረከብ

የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት አዲስ ነገር አትጀምሩባቸው። እናንተ የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን የአንድ ጋናዊ ስም አስቀምጡ። ስም ያልተገኘለትን ከአሁኑ ለሰው ማስተማር ጀምሩ። የቤት አከራዮቹን ስልክ፣ የጉድጓዱን ጥገና ባለሙያ፣ በሽተኛ የሆኑትን አባላት፣ ትምህርት ቤት ክፍያ የጨነቀውን ልጅ፣ ሁሉንም ለሚቀጥለው ሰው በአካል ወስዳችሁ አስተዋውቁ። ተተኪ ጥንድ ወዲያው ላይመጣ ይችላልና፣ ስራውን ለነዋሪው አስረክባችሁ ሂዱ።