በሳልና በሳቅ ጊዜ ለሚያመልጥ ሽንት ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ሲያስቡ

ሴት ከሆኑና ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ ወይም ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ሽንት የሚያመልጥዎ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሊረዳዎ ይችላል። ድንገት አጣድፎ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጠው ሽንት ግን ፊኛው ያለጊዜው በመኮማተሩ የሚመጣ ስለሆነ በዚህ ቀዶ ሕክምና አይድንም፤ አንዳንዴም ይብስበታል። ሁለቱን ለመለየት ቢያንስ ለ3 ቀናት የጠጡትን መጠን፣ የሸኑበትን ሰዓትና ሽንት ሲያመልጥዎ ምን እያደረጉ እንደነበር ይመዝግቡ። ለምርመራ ሲሄዱ ሳይሸኑ፣ ፊኛዎ እንደሞላ ይሂዱ፤ ሐኪሙ እንዲያስሉ አድርጎ ሽንቱ ከሳሉ ጋር እኩል ጠብ ማለቱን ወይም ቆይቶ መውረዱን በዓይኑ ያያል። ቀላል ብትመስልም ብዙ የምትናገር ምርመራ ናት።

በባለሙያ ክትትል ቢያንስ ለ3 ወር የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛን ከሥር የሚደግፈው ጡንቻ) ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ሳይሠሩ ወደ ቀዶ ሕክምና መቸኮል አይመከርም። ገና መውለድ ካሰቡም እርግዝናና ምጥ ውጤቱን ሊያበላሹት ስለሚችሉ ማቆየቱ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በሰፊው የተለመደው ቀዶ ሕክምና በብልት በኩል ትንሽ ተቀዶ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሰው ሠራሽ መረብ በሽንት መውጫ ቱቦ ሥር ሳይወጠር የሚቀመጥበት ነው። አጭርና ማገገሚያውም ፈጣን ነው፤ ሆኖም መረቡ ከዓመታት በኋላ የብልትን ግድግዳ በልቶ ሊወጣ ወይም የማይለቅ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2018 አጠቃቀሙን ለጊዜው ያስቆመችው በዚሁ ሥጋት ነበር። መረብ የማይፈልጉ ሴቶች ከራሳቸው ሆድ ግድግዳ በሚወሰድ ጠንካራ ሽፋን ማስደገፍ ወይም የፊኛውን አንገት አካባቢ ወደ ላይ ሰቅሎ ማሰፋት ይችላሉ፤ ቁስሉ ግን ትልቅ ይሆናል፣ ማገገሚያውም ይረዝማል። የሽንት መውጫ ቱቦውን ግድግዳ አወፍሮ ለማጥበብ በዙሪያው የሚወጋው ማወፈሪያ ቀለል ያለ ቢሆንም በጊዜ ብዛት ስለሚከስም መደገም ያስፈልገው ይሆናል።

ከመፈረምዎ በፊት ሐኪሙን ይህን ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ እንደሠራና መረቡ ችግር ቢያመጣ ማን እንደሚያወጣው ይጠይቁ፤ መረብን ማውጣት ከማስገባት እጅግ የከበደ ነውና።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ካቴተሩ (ሽንት እንዲያወጣ ፊኛ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ሲወጣ በራስዎ መሽናትዎና በፊኛው ውስጥ የሚቀረው ሽንት መጠን ሳይታይ ወደ ቤት መሄድ የለብዎትም። ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ ከማንሳትና ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ይቆጠቡ። ሽንት እምቢ ቢልዎ፣ ቢያተኩስዎ ወይም ብዙ ደም ቢፈስዎ ሳያድሩ ይመለሱ። የተደረገልዎን ቀዶ ሕክምና ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ያልተለመደ ፈሳሽ ቢያዩ ወይም ባለቤትዎ በግንኙነት ጊዜ የሚወጋ ነገር ቢሰማቸው፣ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።