ሪንግ ሳትገቡ የቦክስ ግጥሚያ እንዴት ትተነትናላችሁ

"አንተ ተቧቅሰህ ታውቃለህ?" የምትለዋ ጥያቄ ቦክስ ላይ ክርክር በተነሳ ቁጥር ትመጣለች፣ እሷ ስትመጣ ደግሞ ብዙ ሰው ዝም ይላል። ዝም አትበሉ። አሰልጣኙ ኢማኑኤል ስቱዋርድ እ.ኤ.አ. በ1963 ጎልደን ግላቭስ በሚባለው የአሜሪካ የአማተር ውድድር ሻምፒዮን ሆነ እንጂ ፕሮፌሽናል ሆኖ አንድም ቀን አልተቧቀሰም፣ ግን በ1994 ለንደን ላይ ኦሊቨር ማኮል ሌኖክስ ሉዊስን በ2ኛው ዙር በቀኝ እጁ ሲዘርረው የማኮል አሰልጣኝ ሆኖ ኮርነር ላይ የነበረው እሱ ነው፣ ከዛ ሉዊስ ራሱ አሰልጣኙ አደረገው፣ በኋላም ስቱዋርድ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤችቢኦ ላይ ተንታኝ ሆኖ ሰራ።

ስለዚህ መጀመሪያ የተቧቀሰ ሰው ምኑን እንደሚያውቅ ለዩ። ጎንን ተመትቶ ትንፋሽ ሲቆረጥ፣ ኪሎ ለማውረድ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሚዛን ላይ ወጥቶ በማግስቱ ሲቧቀሱ፣ ቅንድብ ተቀዶ ደም አይን ውስጥ ሲገባ ሰው ምን ያስባል የሚለውን ከውጪ ሆናችሁ አታውቁትም፣ አውቃለሁም አትበሉ። የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ላይ ተንታኝ የነበረው የቀድሞ ቦክሰኛ ቲም ብራድሊ ስለ እንዲህ አይነቱ ሲያወራ ጆሮ ስጡት። ማን እየመራ ነው፣ ማንስ ያሸንፋል ሲባል ግን ተጠንቀቁ፣ የቀድሞ ቦክሰኛም ሰው ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ወደፊት እየገፋ የተቧቀሰ ሰው ወደኋላ እየሄደ ነጥብ የሚለቅመውን ሊንቀው ይችላል፣ አብሮት የሰለጠነውን ልጅ ደግሞ ይሸነፋል ማለት ይከብደዋል። ግምቱን ሳይሆን ምክንያቱን ያዙ።

አሁን ወደ ልምምዱ። የማኒ ፓኪያኦና የራሱ የብራድሊ የመጀመሪያው ግጥሚያ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2012 ላስ ቬጋስ፣ ለዚህ በጣም ይመቻል። ድምፁን አጥፉና እዩት፣ ምክንያቱም ኮሜንተተሩ ከጮኸ እናንተም የተመታ ይመስላችኋል። እያንዳንዱ ዙር እንዳለቀ ቀጣዩ ሳይጀመር 10 ለ 9 ለማን እንደሆነ ጻፉ (ዙሩን ያሸነፈው 10፣ የተሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ 9 ያገኛል)፣ መመዘኛው ጥርት ብሎ ያረፈ ቡጢ፣ ውጤት ያለው ማጥቃት፣ ሪንጉን መቆጣጠርና መከላከል ነው። ጋርድ ላይ፣ ማለትም ለመከላከል በተነሱት እጆች ላይ፣ ያረፈ ቡጢ ቢያምርም አትቁጠሩት።

ከዛ ድገሙትና እጅ ሳይሆን እግር ብቻ እዩ (ይሄ የሚሰለች ይመስላል ግን ትልቁ ነገር እዚህ ነው)። ፓኪያኦ እንደ ግራኝ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ይቆማል፣ ብራድሊ እንደ ቀኝ ግራ እግሩን፣ የፓኪያኦ የፊት እግር ከብራድሊ የፊት እግር ውጪ ስታርፍ ግራ እጁ መንገድ ታገኛለች፣ ይሄን አንዴ ካያችሁት በየትኛውም የግራኝና የቀኝ ግጥሚያ ላይ ታገኙታላችሁ። በሶስተኛው ደግሞ ቡጢ የሚሰነዝረውን ትታችሁ የሚሰነዘርበትን እዩ፣ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥ ያለ ቡጢ) ሲመጣ በየትኛው በኩል ነው የሚሸሸው፣ ሁሌ በአንድ በኩል ከሆነ ተጋጣሚው አይቶታል ወይ፣ ሆዱን ከተመታ በኋላስ ክርኑ ወርዶ ፊቱ ተከፍቷል ወይ።

ነጥባችሁን ካስቀመጣችሁ በኋላ ብቻ ከሌላው ጋር አስተያዩ። የ12ቱ ዙር ነጥብ ሲደመር ሁለት ዳኞች 115 ለ 113 ለብራድሊ ሰጡ፣ አንዱ በዛው ልዩነት ለፓኪያኦ፣ ኤችቢኦ ላይ የነበረው ሃሮልድ ሌደርማን ግን 119 ለ 109 ለፓኪያኦ ነው ያለው። ሌደርማን ሙያው ፋርማሲስት ነበር፣ ግን ለዓመታት ዳኛ ሆኖ ብዙ ዙር በአይኑ ቆጥሯል። በኋላ የዓለም ቦክስ ድርጅት (ደብሊውቢኦ) አምስት ዳኞች በቪዲዮ አይተውት አምስቱም ለፓኪያኦ ሰጡ። እናንተ ከሌደርማን ከተለያችሁ የትኛው ዙር ላይ እንደሆነ ፈልጉና ያንን ዙር ብቻ መልሳችሁ እዩ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር፣ የቬጋስ ትልልቅ ግጥሚያ የሚደርሳችሁ እሁድ ንጋት ላይ ስለሆነ እንቅልፍ አይናችሁ ላይ እያለ የሰጣችሁትን ነጥብ አትመኑት፣ ከሰዓት ድገሙት።

ጂም መግባትም አይጎዳም፣ ጓንት አጥልቃችሁ ጥቂት ወር ፓድ (አሰልጣኙ እጁ ላይ የሚያጠልቀው መምቻ ትራስ) ብትመቱ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፣ ጭንቅላት እስኪዞር መመታት ግን አያስፈልግም። ዩኤፍሲ ለምታዩ፣ ማለትም ቡጢም ርግጫም ትግልም የሚፈቀድበትን ኤምኤምኤ፣ ደግሞ መሬት ላይ የሚታገሉበትን ጁጂትሱ መማር የበለጠ ይጠቅማል፣ መሬት ላይ ማን የማንን እጅ እንደያዘ ካሜራው ብዙ ጊዜ አያሳይምና። የጁጂትሱ አሰልጣኙ ጆን ዳናሄር እንኳ ፕሮፌሽናል ኤምኤምኤ ሳይጋጠም ነው የዩኤፍሲ ሻምፒዮኑ የጆርጅ ሴንት ፒየር አሰልጣኝ የሆነው።

ቀጣዩ ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት ግምታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ፣ "እንትና ያሸንፋል" ሳይሆን "በሰባተኛው ዙር አካባቢ ሲደክም ቀኝ እጁ ይወርዳል፣ ሁኩ (ከጎን ዞሮ የሚመጣው ቡጢ) እዛ ይገባል" በሉ፣ ሲያልቅም ያሸነፈውን በትክክል ገምታችሁ ምክንያታችሁ ግን ካልሆነ እንደ ስህተት መዝግቡት።