ታድሶ የተገጠመ ሞተር ሲያንኳኳ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሞተሩን አውርዳችኋል፣ ፈታታችኋል፣ አድሳችሁ መልሳችሁ ገጥማችኋል። ተነስቷልም። የዘይቱን ልክ፣ ውሃውን፣ ባትሪውን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው አንድ ችግር ነው፤ ቤት ውስጥ ታድሶ ብዙም ሳይቆይ የሞተ ሞተር በከፈትኩ ቁጥር የማገኘው እሱን ነውና።

ሲሞቅ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፣ ከታች ያንኳኳል

ምልክቱ ሁልጊዜ በአንድ አይነት መንገድ ነው የሚመጣው። ጠዋት ሲነሳ ሰላም ነው። ሞቆ ዘይቱ ሲቀጥን ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት ሲሠራ) ላይ መብራቱ ብልጭ ይላል። ነዳጅ ስትሰጡት ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ከታች በኩል ከባድ ማንኳኳት ይመጣል፤ በተለይ ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትለቁት ጎልቶ ይሰማል። ያ የቢዬላ ብሮንዚና ነው፤ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ክንድ ቢዬላ ይባላል፣ ብሮንዚና ደግሞ በመካከላቸው ያለው ስስ የብረት ሽፋን ነው።

መጀመሪያ መብራቱን አትመኑ። አብዛኛው የዘይት መብራት የሚበራው ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲወርድ ነው። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶም ሞተሩ ዘይት ተርቦ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ፍቱና በቦታው መካኒካል የግፊት ጌጅ ግጠሙ። ሞተሩን በደንብ አሙቁት። የቆየ መለኪያ አለ፦ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር ወደ 0.7 ባር። በ3000 ዙር 2 ባር ካልሞላ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የመጨረሻው ዳኛ ግን የሞተሩ ማንዋል ነው። ጌጁ ጥሩ ካሳየ ሴንሰሩን ቀይራችሁ ተገላገሉ። ካላሳየ ሞተሩን አጥፉት። «ቤት ድረስ ላድርሰው» ብሎ የነዳ ሰው በብሮንዚና ዋጋ የሚያልቀውን ሥራ ክራንክ ሻፍት ወደ መግዛት ይለውጠዋል። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ድምፁን ማፈንም መፍትሄ አይደለም። እንዲህ ተደርጎ የተሸጠ መኪና የገዛ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ይሄ ሌላ ሰው ላይ በደል መሥራት ነው።

ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) አውርዱ። መጀመሪያ የምታዩት የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ነው። ከታደሰ ሞተር ውስጥ በብዛት የማገኘው ነገር እዚያ ላይ ነው ያለው፦ ሲሊኮን። ሰዉ ኮፓው ከንፈር ላይ ሲሊኮኑን እንደ ጥርስ ሳሙና ጨምቆ ይለቀዋል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወጣል። የውጪውን በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ። የውስጡን ማን ይጠርገዋል? ትኩስ ዘይት ሲመታው ይላቀቅና ሄዶ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ፒክአፕ ትዝ ይለኛል። ባለቤቱ ሞተሩን ራሱ አድሶ ሮዳጁን (የታደሰ ሞተር የሚለማመድበትን ጊዜ) ሳይጨርስ አንኳኳበት። ብሮንዚናው ፎርጅድ ነው ብሎ ሌላ ገዝቶ ቀየረ። ደግሞ አንኳኳ። እኔ ጋ ሲመጣ ኮፓውን አወረድኩት። ወንፊቱ ላይ ቀይ ሲሊኮን ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ክፍት የቀረችው ጥፍር የምታክል ቦታ ናት። ሁለተኛውን ብሮንዚና ሲቀይር ወንፊቱን ሳያየው፣ ኮፓውን በዚያው ሲሊኮን፣ በዚያው ልክ አብዝቶ ነው መልሶ የገጠመው። ብሮንዚናው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ዘይት አልደረሰውም።

ሲሊኮን ስትቀቡ ሁለቱንም ፊት ከቅባት አጽዱና አድርቁ። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ መስመር ይበቃል፤ በቡሎኑ ቀዳዳ ውስጠኛ ጎን አዙሩት። ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ያለው ኮፓ ከሆነ፣ ማንዋሉ ማዕዘን ላይ ጠብ አድርጉ ካላለ በቀር ሲሊኮን አያስፈልገውም። ቱቦው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ሳትጠብቁ ዘይት አትሙሉ።

ወንፊቱ ንጹህ ከሆነ ብሮንዚናውን አውጡና አንብቡት። ብሮንዚና ይናገራል። ክራንክ ሻፍቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀጫጭን ጭረት ካለበት ወይም የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር ከተሰካበት ቆሻሻ ነው። ፊቱ ቀልጦ ወደ አንድ ጎን የተጎተተ ከመሰለ ዘይት አጥቷል። ላይኛው ሽፋን አልቆ የመዳብ ቀለም ከታየ ዕድሜውን ጨርሷል። አንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ቢዬላው ጠሟል ወይም ጆርናሉ (ብሮንዚናው የሚያቅፈው የክራንክ ሻፍቱ ክብ ክፍል) ቀጥ ብሎ አልተሞረደም። ጀርባው ላይ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ ደግሞ ስትገጥሙ ከኋላው ቆሻሻ ገብቷል። ይሄንን ሳታነቡ አዲስ ብሮንዚና አትግዙ።

ቆሻሻ ከሆነ ጥፋቱ የእጥበቱ ነው። ከሬቲፊካ (የሞተር ክፍሎች ከሚሞረዱበት ቤት) የመጣ ክራንክ ሻፍት ንጹህ አይደለም። ሲያብለጨልጭ አይሸውዳችሁ። የሞረደው ድንጋይ ዱቄት በዘይት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ተቀምጧል። ረጅም ቀጭን ብሩሽ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አስገብታችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በአየር ንፉ፣ ደግሞ እጠቡ። ብሎኩም እንደዚያው፤ የዘይት መስመሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት ታፖዎች (መድፈኛዎች) ካልተፈቱ መስመሩ ታጠበ አይባልም። የሲሊንደሩን ግድግዳ በቤንዚን ብቻ ማጠብ ዱቄቱን ያንሳፍፈዋል እንጂ አያወጣውም። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጠንካራ ብሩሽ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክራችሁ ግድግዳውን ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ አልጸዳም። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት፤ ከዚያ ወዲያው ዘይት ቀቡት፣ እርጥብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን። የድሮ ጓርኒሲዮን ለመላጥ ድሪል ላይ የሚገጠመውን ሻካራ የፋይበር ዲስክ ሞተር ላይ አትጠቀሙ። የዲስኩ ዱቄት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ይሄው የመሞረጃ ድንጋይ የሚሠራበት ነገር። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ይህ ዱቄት ብሮንዚና እንደሚገድል ገልጾ ለጥገና ሠራተኞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መፋቂያና ትዕግሥት ይበቃል። እጅ ይደክማል፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ቀጥሎ ልክ ነው። «አዲስ ብሮንዚና ነው፣ ምን ይለካል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይለካል! በብሮንዚናውና በጆርናሉ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ የቤት መኪና ሞተር ላይ ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ። ፕላስቲጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ለስላሳ የፕላስቲክ ክር) ርካሽ ነገር ነው። ብሮንዚናውንና ጆርናሉን ከዘይት አድርቁ፣ ቀጭኗን ክር ጆርናሉ ላይ በርዝመቱ አስተኙ፣ ካፑን (የብሮንዚናውን ሌላ ግማሽ የሚይዘውን ክዳን) በቶርክ መፍቻ እስከ ልኩ አጥብቁ፣ ክራንክ ሻፍቱን ሳታዞሩ ፍቱት። የተደፈጠጠችውን ክር ስፋት ከክሯ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ካለው መለኪያ ጋር አስተያዩ። ክራንክ ሻፍቱን ካዞራችሁት ክሯ ትበላሻለች፤ እንደገና ጀምሩ።

የካርቶኑን ጽሑፍ አትመኑ። ክራንክ ሻፍት ሲሞረድ የጆርናሉ ስፋት በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ የብሮንዚና ግማሽ ደግሞ በዚያ ግማሽ ያህል ይወፍራል። ካርቶኑ 0.25 ብሎ፣ ብሮንዚናው ጀርባ ላይ ስታንዳርድ ተብሎ የተመታ አግኝቻለሁ። ከአንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት አይነት ውፍረት ያለውም ገጥሞኛል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ይላል። አንድ አይደለም። የእያንዳንዱን ጀርባ አንብቡ፣ ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለኩ፣ ካልተስማማ መልሱለት። ይሄን ዕቃ አውቆ የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል፤ እሱ ጥቂት ያተርፋል፣ ገዢው ግን ሞተር ይከስራል።

አገጣጠሙም የራሱ ወጥመድ አለው። በብዙ ሞተሮች የሜን ብሮንዚና (ክራንክ ሻፍቱ ብሎኩ ላይ የሚያርፍበት) አንዱ ግማሽ ቀዳዳና ቦይ አለው፣ ሌላው ልሙጥ ነው። ቀዳዳ ያለው ብሎኩ ላይ፣ ከዘይት መስመሩ ቀዳዳ ጋር ትይዩ ነው የሚገባው። ተገላብጦ ከገባ ዘይቱ በር ላይ ይቀራል፤ ጌጁ ላይ ግፊት እያለ ብሮንዚናው ይቃጠላል። በዚህ የተታለሉ ጎበዝ መካኒኮችም አሉ። የቢዬላ ካፕ ደግሞ ከራሱ ቢዬላ ጋር፣ በራሱ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስትፈቱ ቁጥር ምቱበት። ተሰብሮ የተከፈለ አይነት ካፕ ከሆነ በመዶሻ አትንኩት፣ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ከሌላ ቢዬላ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ጆርናሉ ላይ ጥፍራችሁን ስታንሸራትቱ የሚይዛችሁ ጭረት ካለ ወደ ሬቲፊካ ይሂድ። በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ አትገላገሉትም። ብሮንዚና በልቶ በነበረ ሞተር ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣውን ቀይሩ። የብረቱ ብናኝ ውስጡ ይቀራል፣ በእጥበት ተማምናችሁ አትተዉት። ሁለተኛው ሞት የሚመጣው ከዚያ ነው። ቱርቦ ካለው የቱርቦውን የዘይት ቱቦም እንደዚያው።

ከማስነሳታችሁ በፊት ፓምፑ ዘይት ይያዝ። የፓምፑን ጥርሶች ቫዝሊን ሞልታችሁ ግጠሙ፣ ብሮንዚናውን የመገጣጠሚያ ቅባት ቀቡ፣ ፊልትሮውን ዘይት ሙሉት። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ነዳጁንና እሳቱን አቋርጡ፣ ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ በሞተሪኖ (ሞተሩን በሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) አዙሩ። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል እያሳረፋችሁ። ግፊት ሳይታይ ማስነሳት የለም።

ብዙም ከማይገጥሙት፦ የፓምፑ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ መቅረት፣ የተረሳ የዘይት መስመር ታፖ፣ የተሰነጠቀ መምጠጫ ቱቦ።

ሰማያዊ ጭስ

ታድሶ ከሳምንታት በኋላም ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልተቀመጠም ወይም ተገልብጦ ገብቷል። ፋሻው ላይ ያለው ነጥብ ወይም ጽሑፍ ወደ ላይ ይዞራል። የዘይት ፋሻው መሃል ያለው ስፕሪንግ ጫፎቹ ይነካካሉ እንጂ አይደራረቡም። የፋሻውን አፍ ክፍተት ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ለኩ፤ ያለ ቱርቦ ለሚሠራ ሞተር ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሚኒሞ ላይ ሰዓታት እያቆሙ ሮዳጅ ማድረግ ይቅር። ፋሻ የሚቀመጠው ሞተሩ መጠነኛ ጭነት ሲያገኝ ነው። ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ንዱት፣ ዙሩን አታስጩኹት።

ውሃ ይበላል፣ ይፈላል

ቴስታታው (ብሎኩ ላይ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ) ቀጥ ያለ መሆኑ ካልተለካ ጓርኒሲዮኑን አትውቀሱት። ቀጥ ያለ ማስመሪያና 0.05 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ አስገብታችሁ ሞክሩ። ቡሎን ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ ነው የሚጠብቀው። በዲግሪ የሚጠብቀው የሚሳብ ቡሎን በአብዛኛው አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፤ «ደህና ነው» ብላችሁ አትመልሱት። የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ስታጠብቁት ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳውን በአየር ንፉ፣ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ።

ጉልበት ጨምሩልኝ ከተባለ በኋላ

ቱርቦውን አስጨንቆ ነዳጁንና የእሳቱን ሰዓት ሳያስተካክሉ መልቀቅ ፒስተን መስበር ነው። ጭነት ላይ «ችክ ችክ» የሚል የብረት ድምፅ ከሰማችሁ እግራችሁን አንሱ። ለቱርቦ የሚሠራ ሞተር የፋሻ አፍ ክፍተቱ ሰፋ ይላል፤ ጠቦ ከቀረ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጩና የፒስተኑን ጠርዝ ይነቅላሉ።

ካምቢዮ አልገባ ሲል፣ ሲንቀጠቀጥ

አዲስ ፍሪሲዮን ገጥማችሁ ካምቢዮ ካልገባ ዲስኩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ላይ የቮላኖ (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ጎን ተብሎ ተጽፏል። ወይም ካምቢዮውን ስትገጥሙ ክብደቱን ዲስኩ ላይ አንጠልጥላችሁት ዲስኩ ጠሟል። ካምቢዮ በእጅ ተገፍቶ ይገባል። ሁለቱ ፊቶች ሳይገናኙ በቡሎን መሳብ ክልክል ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፋንታ ጉልበት የሚያስተላልፈው) እስከ መጨረሻው ገብቶ እንደተቀመጠ ሳታዩ ቡሎን ካጠበቃችሁ የካምቢዮውን ፓምፕ ትሰብራላችሁ። መኪናው ከቆመበት ሲንቀሳቀስ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ላይ ቅባት ነክቷል፣ ቮላኖው ሳይስተካከል ገብቷል፣ ወይም የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ያንጠባጥባል።

ፍጥነት ሲጨምር ብቻ ከሥር የሚንቀጠቀጥ ደግሞ ካርዳን (ጉልበቱን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ነው። ለሁለት ተነጣጥሎ ሲመለስ የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች (መስቀለኛ መጋጠሚያዎች) አቅጣጫ ተዛብቷል። ፍቱት፣ ሹካዎቹን በአንድ መስመር አድርጉና መልሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉበት።